ጭነት አያይም

ይህን የምጽፈው ስልኬን አጠገቤ አስቀምጬ ነው። እስኪጠራ ድረስ ሌላ የምሠራው ነገር የለኝም፤ ቁጭ ብዬ ከማፍጠጥ መጻፍ ይሻለኛል። ባለፈው ዓመት፣ በሕይወቴ እንደዚያ ተደስቼ በማላውቅበት ቀን፣ አንድ ነገር ደብቄ ነበር። የደበቅሁት ነገር ዛሬ በሌላ ሰው ላይ ተነሥቷል።

ዳባት ላይ ጂኦግራፊ ሳስተምር አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። በየዓመቱ አንድ ሳምንት ያህል ስለ ስሜን ተራሮች አስተምራለሁ፤ ስለ ገደሉ አፈጣጠር፣ ስለ ጭላዳውና ስለ ዋልያው ኑሮ፣ ከገደሉ ሥር ስለተዘረጋው ቆላ። ያስተማርኩት ሁሉ ከመጽሐፍ ሥዕል የተቀዳ ነበር። ሁለቱ እግሮቼ በሕፃንነቴ በፖሊዮ ሰልለዋል። ይሰማቸዋል፣ ይበርዳቸዋል፣ ያማቸዋል፤ መታዘዝ ብቻ እምቢ ብለዋል። የምንቀሳቀሰው በተሽከርካሪ ወንበር ነው። ፈረንጅ ባሕር ተሻግሮ መጥቶ የሚያየውን ገደል፣ እኔ የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ ሳይርቀኝ አላየሁትም ነበር።

አንድ ቀን ከኋላ የተቀመጠች ተማሪ እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ እርስዎ ግን አይተውታል?"

"የምድርን እምብርትስ ማን ወርዶ አየው? እናስተምረው የለም እንዴ?" አልኳት። ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቤቴ ገብቼ ግን አለቀስኩ። ያስለቀሰኝ ንዴት ነው። ሰው ሲያዝንልኝ አልወድም፤ ራሴም ለራሴ ሳዝን አልወድም።

ከዚያ ወዲያ ብዙም ሳይቆይ አንድ ወሬ ሰማሁ። ደባርቅ ውስጥ እንግዶች በቅሎ የሚመዘገቡበት ቢሮ በር ላይ የሲሚንቶ መወጣጫ ተሠርቷል፣ የተሽከርካሪ ወንበር ሥዕል ያለበት ሰሌዳ ተተክሏል፣ ሰሌዳው "ሁሉም እንግዳ ይስተናገዳል" ይላል ተባለ። ሩጬ ለአባቴ ነገርኳቸው፤ ሩጬ ስል በጎማ መሆኑ ይታወቅልኝ። አባቴ መሪጌታ ናቸው። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ድምፃቸው ግን አሁንም ቅኔ ማሕሌቱን ይሞላል። የነገርኳቸውን ሰምተው ሲያበቁ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

"ከመወጣጫው ወዲያስ ምን አለ ልጄ?"

"ከመወጣጫው ወዲያማ ተራራው አለ አባባ።"

"እኮ" አሉ።

ኅዳር ላይ አብረን ሄድን። መወጣጫው እውነትም ደህና ነበር፤ ወንበሬ ሳይንገጫገጭ ወጣ። ውስጥ ስገባ ግን መዝጋቢው የተቀመጠበት ባንኮኒ ከአናቴ በላይ ሆነና ከሰውየው የሚታየኝ ግንባሩ ብቻ ሆነ። ትሑት ወጣት ነው። ብድግ ብሎ ዞሮ መጣና ትልቁን መዝገብ ጭኔ ላይ ዘረጋልኝ። መዝገቡ ሁለት ዓምድ አለው። በአንዱ ራስ ላይ "ሰው"፣ በሌላው ራስ ላይ "ጭነት" ተጽፏል።

እስክሪብቶው "ሰው" ላይ ትንሽ ቆመና ወደ ሌላው ዓምድ ተሻገረ።

"ተሳሳትክ መሰለኝ" አልኩት።

"አይቀየሙኝ ቲቸር። 'ሰው' በሚለው የምንመዘግበው ቁልቁለት ሲመጣ ከበቅሎ ወርዶ በእግሩ የሚሄደውን ነው። እርስዎ አይወርዱም።"

"አልወርድም።"

"ከላይ የማይወርድ ደግሞ ጭነት ነው የሚባል። የጫኞቹ ደንብ ነው፤ እኔ አላወጣሁትም።"

"ታዲያ ኪሎዬንም ጠይቀኛ!"

መቀለዴ ነበር። እሱ ግን የምሩን እስክሪብቶውን አነሣ። "ይጠየቃል ቲቸር" አለ።

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፤ እሱም ሳቀ። አባቴ አልሳቁም። በትራቸውን ተደግፈው "ጭነት" የሚለውን ቃል አጎንብሰው ደጋግመው አነበቡት። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው ለካ እንዲህ ላለው ቀን ኖሯል። ቃል ብቻ መስሎኝ ነበር። በዚያ አገር ግን በቅሎ የሚመደበው በዚያ ቃል ነው።

በማግስቱ በመኪና ከፍ ካለ ቦታ ደረስን። ከዚያ እስከ ገደሉ ጫፍ አንድ ሰዓት ያህል በበቅሎ ነው። ጫኙ ከአንዲት ዳለቻ በቅሎ ጋር ይጠብቀን ነበር። የአምቢኮ መንደር ገበሬ ነው፤ በዕድሜ እኩያዬ ይሆናል። ለእርሻ የማይደርስበትን ጊዜ ለእንግዶች ዕቃ በመጫን ያሳልፈዋል። አቅፎ አነሣኝና ጀርባዋ ላይ ካስቀመጠኝ በኋላ ወገቤንና ጭኖቼን በጠፍር ከኮርቻው ጋር ያስረኝ ጀመር።

"ሰው ጭነህ ታውቃለህ?" አልኩት።

"ገብስ ጭኛለሁ፣ ድንኳን ጭኛለሁ፣ የጋዝ ሲሊንደር ጭኛለሁ። ሰው ግን አንድ ጊዜ ነው እቴ፤ በሽተኛ አውርጃለሁ።"

"ዳነ?"

ጠፍሩን ማጥበቅ ቀጠለ።

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ሰው የሚቀመጥባት በቅሎ ልጓም አላት፤ አንድ ሰው ከፊት ሆኖ ይስባታል። የጭነት በቅሎ ልጓም የላትም፤ ከኋላ ነው የምትነዳው። ይህ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። የጭነት በቅሎ ዕድሜዋን ሁሉ በሁለት ጎኗ የሰፋ ጭነት ስትሸከም ኖራለች፤ በጠባብ መንገድ ላይ ጭነቱ ተራራውን ከታከከ ተገፍትራ እንደምትወድቅ ታውቃለች። ስለዚህ ከግድግዳው ትሸሻለች። ከግድግዳው የምትሸሸው ደግሞ ወደ ገደሉ ነው። የመንገዱን ጠርዝ ይዛ፣ ሰኮናዋን ጫፉ ላይ እያሳረፈች ትሄዳለች። ብልህነቷ ነው። ይህን ሁሉ የተማርኩት ግን በመጽሐፍ አይደለም።

ጠዋቱ ጉም ነበር። የውርጭ አገር ተክሎቹ አስታና ጅብራ እንደ ጥላ ብቅ እያሉ ይጠፋሉ። አባቴ ከኋላ በበትራቸው ቀስ እያሉ ይመጣሉ፤ ጸሎታቸው አንዳንዴ ይሰማኛል፣ አንዳንዴ ይርቅብኛል። መንገዱ እየጠበበ ሲሄድ ግራ እጄን ብዘረጋ ተራራውን አልነካውም። ቀኝ እግሬን አየሁት። ከታቹ ምንም የለም። ሣር የለም፣ ድንጋይ የለም፤ ነጭ ጉም ብቻ ነው። ከታች የሚነሣው ነፋስ በጫማዬ ሶል ሥር ገብቶ ውስጥ እግሬን ሲያቀዘቅዘው ተሰማኝ።

"ወንድሜ፣ ወደ ውስጥ ምራት እንጂ!"

"ማን ይምራት እቴ? ከፊቷ ሰው ሲሄድ አልለመደችም፤ ትደነብራለች። ዝም በያት፣ መንገዷን ታውቃለች።"

ከሰኮናዋ ሥር ጠጠር ተፈንቅሎ ወደቀ። ሲያርፍ ይሰማኝ ይሆን ብዬ ጠበቅሁ። አልተሰማም። ፈራሁ፤ የእውነት ፈራሁ። ጠፍሩን ፈትተህ መሬት ላይ አስቀምጠኝ ልለው አፌን ስከፍት ከቀኜ ጉሙ ተቀደደ።

የታየኝ ለቅጽበት ነው። በቀዳዳው ሩቅ ታች አንድ አረንጓዴ ማሳ፣ ከማሳው አጠገብ እንደ ክር የቀጠነ መንገድ አየሁ። አሥር ዓመት ያስተማርኩት ቆላ! ራሴን ረሳሁ። እንዳይዘጋብኝ ሰስቼ ከወገቤ በላይ ወደ ቀኝ ተንጠራርቼ አዘነበልኩ።

ኮርቻው አብሮኝ ዘመም አለ። በቅሎዋ እግሯን ለማስተካከል ስትሞክር የኋላ እግሯ ያረፈበት የመንገድ ጠርዝ ተንዶ ሄደ። ወገቧ ሰመጠ፤ በፊት ጉልበቶቿ ተንበረከከች። እኔ ታስሬያለሁ። እጄ የሚይዘው አጥቶ ጉሙን ጨበጠ። ጫኙ ጭራዋን በሁለት እጁ ጠምጥሞ ይዞ ተራራው ላይ በጀርባው ወደቀ፤ "ወደ ግድግዳው! ወደ ግድግዳው!" እያለ ይጮሃል። ባለኝ ጉልበት ሁሉ ወደ ግራ ተጣልኩ። ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም። በቅሎዋ አጓርታ ተነሣች።

ጫኙ ፊቱ አመድ መስሎ መጣ። "ምን ሆነሽ ነው ወደዚያ ያዘነበልሽው?"

"ላይ ብዬ።"

"ጭነት አያይም እኮ እቴ!" አለ። "ጭነት ዝም ብሎ ይቀመጣል። ለዚያ አይደል ደህና የሚደርስ!"

አባቴ ከመታጠፊያው ወዲያ ስለነበሩ አላዩም። የበትራቸው ድምፅ ሲቃረብ ጫኙ ጎንበስ ብሎ "ይህችን ነገር እዚሁ እንተዋት፤ ከተሰማች በቅሎዬን ከመዝገብ ያወጡብኛል" አለኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። አባቴ ደርሰው "ምነው ቆማችሁ?" ሲሉ "ጠፍር ላልቶ ነው አባ" አላቸው። እኔም "አዎ፣ ጠፍር ነው" አልኩ።

ገደሉ ጫፍ ላይ አውርዶ ጋቢ ላይ አስቀመጠኝ። ጉሙ ቀስ በቀስ ተገፈፈ። እንዴት እንደሆነ ልጻፈው ብል አልችልበትም። መጽሐፉ ላይ ያለው ሥዕል ጥልቀቱን አያሳይም፤ እኔም ለተማሪዎቼ አላሳየሁም ኖሯል። አንድ ንስር ከእኔ በታች ሲያንዣብብ ጀርባውን አየሁት። ሰው ሁሉ ከላይ ወደ ታች በሚያየኝ ዓለም ኖሬ፣ ያን ቀን ንስርን ከላይ አየሁት። ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። አባቴ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጫኑ። ስንመለስ በዚያው መንገድ፣ በዚያችው በቅሎ ላይ፣ ዓይኔን ጨፍኜ እንደ ገብስ ተቀምጬ ተመለስኩ።

ቢሮው ውስጥ መዝጋቢው የእንግዶች መዝገብ ሰጠኝ። "በሰላም ሄጄ በሰላም ተመለስኩ" ብዬ ጻፍኩ። ቃሉ ውሸት አይደለም፤ ሰላም ግን አልነበረም። ስለ ጫኙ ስል ነው የደበቅሁት ብል ግማሽ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ይኸው፦ እኔን የመሰለ ሰው አንድ ጊዜ ከወደቀ ምን እንደሚባል አውቃለሁ። "ቀድሞም ብለን ነበር" ይሉና በሩን ይዘጉታል። በሩ የተከፈተው በመወጣጫ ነው፤ በአንዲት ወሬ እንዳይዘጋ ፈራሁ። ደግሞም፣ ለምን እዋሻለሁ፣ ለተማሪዋ "አይቼዋለሁ" የምልበትን ቀን ማንም እንዲያበላሽብኝ አልፈለግሁም። ብያትም ነበር። ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበልኝ። በቅሎ ላይ ሆኜ የተነሣሁት ፎቶ ቢሮው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእኔ ዝምታ ነቀዘ።

ዘንድሮ መስከረም፣ የክረምቱ ጭቃ ገና ሳይደርቅ፣ መዝጋቢው ደወለልኝ። ድምፁ በደስታ ተሞልቷል። "ቲቸር፣ እንኳን ደስ አለዎት! የእርስዎን ፎቶ አይቶ አንድ እንግዳ ከዛሪማ መጣልን። በመኪና አደጋ ወገቡ የተጎዳ ነው፤ እግሮቹ አይሠሩም። ፈርቶ ነበር፤ የጻፉትን ሳነብለት ልቡ ተመለሰ። ነገ ይወጣል።"

"በየትኛው ዓምድ መዘገብከው?" አልኩት።

"በእርስዎው ነዋ!" አለ።

ስልኩን ዘግቼ ለአባቴ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ጉሙን፣ መንበርከኩን፣ ጭራውን። አንዲትም አላስቀረሁም። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ አንገታቸውን ደፉ።

"ያን ዕለት የበቅሎዋ ጉልበት ተልጦ ደም ነበረበት" አሉ። "የጫኙም ጀርባ ጭቃ ነበር። አውቄ ነበር ልጄ። አንቺ ግን እንደዚያ ስትደሰቺ አይቼሽ አላውቅም። ዝም አልኩ።"

ሦስት ሰው አውቀን ሦስታችንም ዝም ብለን ነበር ማለት ነው።

በማግስቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ ደባርቅ ደረስኩ። የዛሪማው ሰው መወጣጫው ላይ ወንበሩን አቁሞ መኪና ይጠብቃል። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ አዲስ ጃኬት ለብሶ፣ አንገቱ ላይ አሮጌ ካሜራ አንጠልጥሏል። ከፎቶው ለይቶኝ ፊቱ በራ። ሰላምታውን እንኳ በወጉ ሳልመልስ ለመዝጋቢው በእሱ ፊት ተናገርኩ። የጭነት በቅሎ ጠርዝ እንደምትይዝ፣ እንደተንሸራተትን፣ መዝገቡ ላይ የጻፍኩት እንዳይታመን ነገርኩት። "ሰው በሚለው ጻፈው፤ ልጓም ያላት በቅሎ፣ ከፊት የሚስብ አንድ ሰው፣ ቁልቁለት ላይ ተሸክመው የሚያወርዱት ሁለት ሰዎች ስጡት። ይቻላል" አልኩ። ያ የአምቢኮው ጫኝ እዚያው ነበርና እሱም፣ ዓይኔን ሳያይ፣ "ይቻላል፤ በቅሎም ቢሆን ብትለማመድ በግድግዳው በኩል ትሄዳለች" አለ።

መዝጋቢው መዝገቡን ዘጋው። ወደ ውስጥ ገብቶ ከአለቃው ጋር ቆየና አንድ ወረቀት ይዞ ወጣ። ቴፑን በጥርሱ ቆርጦ በሩ ላይ ለጠፈው። መመሪያ እስኪመጣ ድረስ ከበቅሎ በራሳቸው መውረድ የማይችሉ እንግዶች እንደማይስተናገዱ፣ ምክንያቱም ለደህንነታቸው ሲባል መሆኑን ይናገራል። ጭነት ሆኜ ያለፍኩበትን በር ሰው ሆኜ ተናግሬ ዘጋሁት።

የዛሪማው ሰው ወረቀቱን አነበበና ወንበሩን ወደ እኔ አዞረ።

"ቲቸር፣ እርስዎ ግን አይተውታል?"

ያችው የተማሪዬ ጥያቄ ናት። "አይቼዋለሁ" አልኩት።

"እንግዲያውስ" አለና መወጣጫውን ብቻውን ወረደ።

ይህ ከሆነ አሥረኛ ቀኑ ነው። ዛሬ ጠዋት በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ፣ ተማሪዎቼ ያንን ምዕራፍ ገልጠው ተቀምጠው ሳለ ስልኬ ጠራ። በክፍል ውስጥ አንሥቼ አላውቅም። የማላውቀው ቁጥር ነበር፤ ልቤ ግን ፈራና አነሣሁት። መጀመሪያ የተሰማኝ ነፋስ ነው።

"ቲቸር፣ የዛሪማው ነኝ። መዝገቡን ትተን በጎን ገብተናል፤ አሁን እርስዎ የሄዱበት መንገድ ላይ ነን። የአምቢኮው ጫኝ ከኋላዬ ነው፤ ቁጥርዎን የሰጠኝ እሱ ነው።"

"ታስረሃል?"

"ታስሬያለሁ። መንገዱ መጥበብ ጀምሯል፤ ጉምም አለ። አንድ ነገር ልጠይቅዎት ብዬ ነው። በየትኛው ጎን ልደገፍ?"

ተመለስ ልለው ነበር። እዚያ ጠባብ መንገድ ላይ ግን በቅሎ እንደማትዞር አውቃለሁ።

"በግድግዳው ጎን" አልኩት። "በግራህ። የፈለገውን ያህል ጉሙ ቢከፈት ወደ ቀኝ እንዳታዘነብል። ወደ ገደሉ እንዳታይ፤ ትሰማኛለህ? ጫፉ ላይ እስኪያወርዱህ እንዳታይ!"

"ቲቸር፣ ታዲያ ለምን መጣሁ?" አለኝ። ስልኩ ተቋረጠ።

ደግሜ ደወልኩ፤ ኔትወርክ የለም ይላል። ተማሪዎቹን አሰናብቼ ቤቴ ገባሁ። አሁን ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል፤ ደህና ከሆነ እስካሁን ወደ መኪናው መንገድ መመለስ ነበረበት። አባቴ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይጸልያሉ። እኔም እንደ እሳቸው አልችልበትም እንጂ እየጸለይኩ ነው። የእኔ ቢጤ ሁሉ ያንን ገደል እንዲያይ ስመኝ የኖርኩ ሰው፣ ዛሬ አንድ ሰው እንዳያይ እየለመንኩ ነው።